መርቪን ፒክና የጎርመንጋስት ግንብ

«ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን የአማርኛ አነጋገር ያልሰማ የለም። ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ መልኩም ጣዕሙም እንደሚያምር ሁሉ፥ ከባድ ነገርም በምሳሌ ሲነገር ወደ ሰው ልብ ለመግባት ይቀለዋል ማለት ነው። ሆኖም ከምሳሌ ዓይነቶች ሁሉ አስፈሪ ተረት የሚባለው ብዙ ጊዜ እንደ ቧልት ይቆጠራል። የጨለማ ግንብ፥ የጉጉት ጩኸት፥ በሌሊት የሚዞር ነፍሰ ገዳይ ያለበትን መጽሐፍ ያየ ሰው፥ «ይህ ልጆች እሳት ከበው የሚሰሙት ነው እንጂ የሥራ ሰው ጊዜውን የሚሰጠው ነገር አይደለም» ብሎ ወደ ጎን ያኖረዋል።

ይህ አስተያየት ለአንዳንድ መጻሕፍት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእንግሊዛዊው ደራሲና ሠዓሊ ለመርቪን ፒክ ሥራ ግን አይስማማም። እሱ የጻፈው አስፈሪ ታሪክ ከአጋንንትና ከአስማት የተሠራ አይደለም። የተሠራው ከሁለት ነገሮች ነው፤ ይኸውም ምክንያቱ ከተረሳ ሥርዓትና ርኅራኄ ከሌለው ብልጠት ነው። እነዚህም በማናቸውም አገርና በማናቸውም መሥሪያ ቤት ሊገኙ የሚችሉ ስለሆኑ፥ የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንለምናለን።

በቻይና የተወለደ ልጅ

መርቪን ፒክ በ1911 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በቻይና አገር፥ ኩሊንግ በምትባል የተራራ መንደር ተወለደ። ኩሊንግ በቻይና የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በሙቀት ወራት ከቆላው ትኩሳት ለመሸሽ የሚወጡባት ደጋ ነበረች። አባቱ ዶክተር ኧርነስት ፒክ በለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር የተላከ ሐኪም ሲሆን፥ እናቱም በሚሲዮን ሥራ ለመርዳት ወደ ቻይና የሄደች ሴት ነበረች።

ልጁ በተወለደበት ዓመት በዚያ አገር ታላቅ ለውጥ ሆነ። በጥቅምት 1911 የተነሣው አብዮት ከ1644 ጀምሮ የቆየውን የቺንግ ነገሥታት አገዛዝ አናወጠው፤ በየካቲት 1912 ደግሞ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑዪ ገና የ6 ዓመት ሕፃን ሳለ ዙፋኑን ለቀቀ። በግንብ የታጠረ ቤተ መንግሥት፥ ለእያንዳንዱ ቀን የተወሰነ ሥርዓት፥ በመካከሉም የተቀመጠ ሕፃን ገዢ! አንባቢ ይህን ሥዕል በልቡ ይያዝ፤ ኋላ በመጽሐፉ ውስጥ እናገኘዋለንና።

ፒክ ልጅነቱን ያሳለፈው አባቱ በሚሲዮን ሐኪም ቤት ይሠራበት በነበረው በቲየንትሲን ከተማ ነው። የሚሲዮኑ ቤቶች በአጥር ውስጥ የታነጹና የአውሮፓን መንደር የሚመስሉ ነበሩ፤ ከአጥሩ ውጭ ግን ሌላ ቋንቋ፥ ሌላ ልማድና ሌላ ዓለም ነበረ። ልጁ በአንድ በር እየወጣና እየገባ ሁለቱንም ዓለም አየ። በአንዱም በሌላውም ዘንድ ሰዎች ለራሳቸው ሥርዓት የሚሰጡትን ክብር፥ ለሌላውም ሥርዓት የሚያሳዩትን መደነቅ ገና በለጋነቱ ተመለከተ።

የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ለመመለስ ጉዞ ጀመረ። በዚያም የሚሲዮናውያን ልጆች በሚማሩበት በኤልተም ኮሌጅ ገባ። ከትምህርት ሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በሥዕል ተሰጥዎው ሲሆን፥ የእንግሊዝኛ መምህሩ ኤሪክ ድሬክ ይህን ተሰጥዎ አይቶ አበረታታው። ከ1929 ጀምሮ በክሮይደን የሥዕል ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በለንደን በንጉሣዊው አካዳሚ ሥዕል ተማረ። ከዚያም መምህሩ ድሬክ በሳርክ ደሴት ላይ የሠዓልያን ማኅበር ባቋቋመ ጊዜ ፒክ ወደዚያ ሄዶ ከባሕርና ከዓለት ጋር ጥቂት ዓመታት ኖረ።

ወደ ለንደን ተመልሶ በዌስትሚንስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ሲያስተምር፥ በ1936 የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ የነበረችውን ሜቭ ጊልሞርን አወቀ። በታኅሣሥ 1937 ተጋቡ። ሰባስቲያንና ፋቢያን የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችንና ክሌር የምትባል አንዲት ሴት ልጅን ወለዱ። የዚህች ሜቭ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከባለቤቷ ስም ተለይቶ ሊነገር የማይገባው መሆኑን ኋላ እናያለን።

በወታደር ሠፈር የተጀመረ መጽሐፍ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ፒክ የጦርነት ሠዓሊ ሆኖ ለማገልገል አመለከተ፤ ነገር ግን ወዲያው አልተፈቀደለትም። በ1940 እንደ ማንኛውም ሰው ለወታደርነት ተጠራ። ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው እየተዛወረ፥ ምክንያቱ ያልተነገረውን ትእዛዝ እየፈጸመ፥ በዕረፍት ሰዓቱ አንድ ረጅም ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። አንዱ ደብተር ሲሞላ ለሚስቱ በፖስታ ይልክላት ነበር። በደብተሮቹ ገጾች ላይ የሚጽፍላቸውን ሰዎች መልክ በብዕር ይሥል ስለ ነበር፥ ገጸ ባሕርያቱ በቃል ብቻ ሳይሆን በመልክም ተወልደው ነበር ማለት ይቻላል።

የወታደር ኑሮ ግን ለዚህ ሰው የሚስማማ አልሆነም። በ1942 አእምሮው ታውኮ ሐኪም ቤት ተኛ። በተኛበትም መጻፉን አላቋረጠም። በ1943 ከጦር ሠራዊቱ በሕመም ተሰናበተ። በዚያው ዓመት በበርሚንግሃም አጠገብ በሚገኝ የብርጭቆ ፋብሪካ ሠራተኞቹን እንዲሥል ታዘዘ። በእሳት ፊት ቆመው የቀለጠውን ብርጭቆ በትንፋሻቸው የሚነፉትን ሰዎች አይቶ በመደነቅ ሥዕልም ግጥምም አወጣበት።

የልብ ወለዱን ረቂቅ ለአሳታሚ ባቀረበ ጊዜ፥ በማተሚያው ድርጅት ይሠራ የነበረው ዝነኛው ደራሲ ግርሃም ግሪን አንብቦት ነበር። ግሪን ምንም ሳይሸፋፍን መጽሐፉ ቃል የበዛበትና ያልተቆጠበ መሆኑን፥ ካልታረመም ታላቅ ሥራ ተበላሽቶ እንደሚቀር ነገረው። ፒክ ግሳጼውን በትዕግሥት ተቀብሎ ረቂቁን ቈራርጦ አስተካከለ። መጽሐፉም «ታይተስ ግሮን» ተብሎ በ1946 ታተመ። ብዙ ሰው በምስጋና ሲሰክርና በትችት ሲቆጣ በሚታይበት በዚህ ዓለም፥ ደራሲው ያሳየው ትዕግሥት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ግንቡና ሕጉ

ጎርመንጋስት የአንድ ግንብ ስም ነው። በየትኛው አገርና በየትኛው ዘመን እንደሚገኝ አልተገለጸም። ስፋቱ እንደ ከተማ ነው፤ በውስጡ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሰው ያልረገጣቸው ክፍሎችና መንገዳቸው የጠፋ አዳራሾች አሉ። ጄ.አር.አር. ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ባሳተመው በታወቀው ድርሰቱ ጠንቋዮችን፥ ድንክ ሕዝቦችንና የአስማት ቀለበትን አስገብቷል። በፒክ ግንብ ግን ጠንቋይ የለም፥ ዘንዶ የለም፥ አስማትም የለም። ያሉት ሰዎች ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ አንባቢን የሚያስጨንቀው ጨለማ ከዚህ ይመነጫል፤ ጥፋቱን የሚሠራው ሰው ራሱ ስለሆነ በሰይጣን ማመካኘት አይቻልምና።

የግንቡ ጌታ 76ኛው መስፍን ሴፑልክሬቭ ይባላል። ከመጻሕፍቱ በቀር የሚወደው ነገር የሌለ፥ ኀዘን የማይለየው ሰው ነው። ሚስቱ ገርትሩድ ለወፎችና ለነጫጭ ድመቶቿ ፍቅሯን ሁሉ ስትሰጥ፥ ለልጆቿ የምታስቀረው ጥቂት ነው። ሴት ልጃቸው ፊዩሺያ የሚያፈቅራት ሰው ስትፈልግ በብቸኝነት ታድጋለች። መጽሐፉ የሚጀምረው 77ኛው መስፍን የሚሆነው ወንድ ልጅ ታይተስ በተወለደበት ቀን ነው።

በዚህ ግንብ የሚገዛው ግን መስፍኑ አይደለም፤ የሚገዛው ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ ቀን ምን እንደሚደረግ፥ መስፍኑ የት እንደሚቆም፥ ምን እንደሚለብስ በታላላቅ የጥንት መጻሕፍት ተጽፏል። የሥርዓቱ አለቃ ሶርደስት፥ ከእሱም በኋላ ልጁ አንካሳው ባርኰንቲን፥ ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን ገልጦ ለጌታው ያነብለታል፤ ጌታውም ይፈጽማል። ለምን እንደሚፈጽም የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም።

ለምሳሌ ያህል አንዱን ልማድ እንጥቀስ። ከግንቡ ቅጥር ውጭ በጭቃ ጎጆ የሚኖሩ ድኾች ዓመቱን ሙሉ እንጨት እየጠረቡ እጅግ ያማሩ ምስሎች ይሠራሉ። በዓመት አንድ ቀን ምስሎቹ ለመስፍኑ ይቀርባሉ። ከሁሉ የበለጡት ሦስቱ ተመርጠው የቀሩት ይቃጠላሉ። ተመርጠው የዳኑት ሦስቱም በግንቡ ሰገነት ባለው አዳራሽ ይቀመጣሉ። በዚያ አዳራሽ አንድ ጠባቂ አቧራቸውን ይጠርጋል፤ ሊያያቸው የሚመጣ ሰው ግን የለም ለማለት ይቻላል። የሰው ልጅ ድካም በአንድ በኩል በእሳት፥ በሌላ በኩል በመረሳት ሲጠፋ፥ ሥርዓቱ ግን ምንም ሳይጐድልበት ተፈጸመ ይባላል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ርኅራኄ የሌለው ብልጠት

በዚህ ባንቀላፋ ቤት ውስጥ አንድ የነቃ ሰው አለ። ስሙ ስቲርፓይክ ነው። የ17 ዓመት ጕብል ሲሆን፥ ስዌልተር በሚባለው ጨካኝና ወፍራም የወጥ ቤት አለቃ ሥር ያገለግል ነበር። አንድ ቀን ከወጥ ቤቱ አምልጦ በግንቡ ጣራ ላይ እየዳኸ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ላይ መውጣቱን አያቆምም። ከፊዩሺያ ጋር እንደ ባለ ቅኔ ይነጋገራል፤ ከሐኪሙ ጋር እንደ ትሑት አገልጋይ ይሆናል፤ የመስፍኑን ሁለት መንታ እኅቶች ደግሞ ለሥልጣን የተፈጠሩ ናችሁ እያለ ያሞኛቸዋል።

ስቲርፓይክ መጀመሪያ ሲነሣ አንባቢ ያዝንለታል፤ የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለምና። ግፍን አይቷል፥ የሥርዓቱንም ባዶነት ተረድቷል። ጥፋቱ ግን ባዶነቱን ከተረዳ በኋላ ነው፤ በዚያ ባዶ ቦታ ራሱን አኖረበት እንጂ ፍቅርን አላኖረበትም። መንታዎቹን አታልሎ የመስፍኑን ቤተ መጻሕፍት ያቃጥላል፤ ራሱ ባስነሣው እሳት ውስጥ የታፈኑትን እንደ አዳኝ ሆኖ ያወጣቸዋል። አሮጌው ሶርደስት በዚያ ይሞታል። መስፍኑም መጻሕፍቱ ስለ ጠፉ አእምሮው ይናወጥና ራሱን እንደ ጉጉት ቈጥሮ በመጨረሻ ጉጉቶች በሚኖሩበት ግንብ ገብቶ ሕይወቱ ያልፋል።

በሁለተኛው መጽሐፍ ስቲርፓይክ የባርኰንቲን ረዳት ሆኖ የሥርዓቱን መጻሕፍት ሁሉ ያጠናል፤ ቀጥሎም አለቃውን ገድሎ በቦታው ይሾማል። በሕጉ የማያምን ሰው ሕጉን ከሁሉ ይልቅ አጥንቶ የሕግ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ልምድ ያለው የቢሮ ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ፥ ተረት ማንበቡን ረስቶ ቀና ብሎ ግራና ቀኝ ሳይመለከት አይቀርም።

በቤልሰን የታየው

እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ወደ ደራሲው ሕይወት እንመለስ፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መጽሐፍ መካከል ፒክ ዕድሜውን በሙሉ ያልተለየውን ነገር አይቷልና።

የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 15 ቀን 1945 በጀርመን አገር የሚገኘውን የበርገን ቤልሰን ማጎሪያ ሠፈር ነጻ ባወጣ ጊዜ፥ 60,000 ያህል እስረኞችንና 13,000 ያህል ያልተቀበሩ ሬሳዎችን አገኘ። ረኀቡና ተስቦው ሰውነታቸውን ጨርሶት ስለ ነበር፥ ነጻ ከወጡም በኋላ ከ13,000 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። ፒክ ቶም ፖኮክ ከሚባል ጋዜጠኛ ጋር «ዘ ሊደር» በሚባል መጽሔት ተልኮ በሰኔ 1945 ወደዚያ ደረሰ። ሥራውም ያየውን መሣል ነበር።

በሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ በሳምባ ነቀርሳ የምትሞት አንዲት ልጃገረድ አየ። እርሳሱን አውጥቶ ሣላት። ኋላ በጻፈው ግጥም ራሱን ይወቅሳል፤ ሰው እየሞተ ሳለ የሠዓሊ ዓይኔ ስለ መስመርና ስለ ብርሃን እንዴት አሰበ? ያን ጊዜ የተሰማኝስ ኀዘን ጊዜ ሲያልፍ የሚደበዝዝ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እያለ ይጠይቃል። ለጥያቄው መልስ አላገኘም። ከጉዞው የተመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ እንደ ነበረ ሚስቱ ኋላ በጻፈችው ማስታወሻ መስክራለች።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ጎርመንጋስት» የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ በ1950ም ታተመ። ስቲርፓይክ በዚህ መጽሐፍ የሚፈጽመው ክፋት ከፊተኛው ይለያል። ሁለቱን መንታ እኅቶች ሩቅ በሆነ ክፍል ዘግቶባቸው በረኀብ እንዲሞቱ ያደርጋል። ይህንንም የሚያደርገው በቁጣ አይደለም፤ ለዓላማው ስለማይጠቅሙ ብቻ ነው። ሰውን እንደ ትርፍ ዕቃ ቈጥሮ በጸጥታ ማስወገድ! ከ1945 በፊት ይህ የደራሲ ቅዠት ነው ቢባል ያስኬድ ይሆናል፤ ከ1945 በኋላ ግን ማን ሊለው ይችላል?

በ1959 በታተመው በሦስተኛው መጽሐፍ «ታይተስ አሎን» ውስጥ ደግሞ ብላክ ሮዝ የምትባል ከማጎሪያ ሠፈር ያመለጠች ሴት አለች። ብዙ ስቃይ ካየች በኋላ ንጹሕ አንሶላ በተነጠፈበት አልጋ ላይ ባስተኟት ጊዜ ወዲያው ትሞታለች። የቤልሰኗ ልጃገረድ ከ14 ዓመት በኋላ በዚህ አልጋ ላይ ተኝታ እናያታለን። ፒክ በግጥሙ የፈራው መደብዘዝ በእሱ ዘንድ አልሆነም ማለት ነው።

ሽልማትና ችግር

የፒክን ኑሮ ስንመለከት ስሙና ኪሱ አለመመጣጠናቸውን እናያለን። የመጻሕፍት ሥዕል ሠዓሊ በመሆን በዘመኑ ከታወቁት አንዱ ነበር፤ «የጥንቱ መርከበኛ» የሚባለውን የኮለሪጅን ግጥም በ1943፥ የስቲቨንሰንን «የውድ ሀብት ደሴት» በ1949 በሥዕል አስጊጧል። በ1951 «ጎርመንጋስት» ለተባለው ልብ ወለድና «ብርጭቆ ነፊዎች» ለተባለው የግጥም መድበል የሄይንማን ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን መጻሕፍቱ የሚገባቸውን ያህል አልተሸጡም። ቤተሰቡን ለመመገብ በለንደን በሥዕል ትምህርት ቤት ያስተምር፥ ማንኛውንም የሥዕል ሥራ ይቀበል ነበር።

ከችግሩ እወጣበታለሁ ብሎ ተስፋ ያደረገው በአንድ ቴያትር ላይ ነበር። ብዙ ዓመት የደከመበት «ዘ ዊት ቱ ዉ» የሚባለው አስቂኝ ቴያትሩ በመጋቢት 1957 በለንደን ታየ፤ ሐያስያን ግን በብርድ ተቀበሉት። ፒክ በዚህ ምክንያት ወድቆ ታመመ፤ ከዚያ ወዲያም ሙሉ ጤናውን አላገኘም።

እጁ መንቀጥቀጥ፥ ሐሳቡ መበታተን ጀመረ። ሐኪሞች የፓርኪንሰን በሽታ ነው አሉ። የኤሌክትሪክ ሕክምና ተደረገለት፤ አንጎሉም ተከፍቶ ታከመ፤ አልተሻለውም። በ2003 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፥ ሕመሙ ሌዊ ቦዲ የሚባለው የአእምሮ መድከም ሳይሆን እንደማይቀር ገልጿል። ይህ በሽታ እጅንና እግርን ብቻ ሳይሆን ማስታወስንና ማየትንም የሚያውክ ነው። ለሠዓሊና ለደራሲ ከዚህ የሚብስ ምን አለ? መስመር የሚያወጣው እጅና ቃል የሚያገናኘው ልብ በአንድነት ከዱት።

«ታይተስ አሎን» የተጻፈው በዚህ ሁኔታ ነው። በዚህ መጽሐፍ ታይተስ ግንቡን ትቶ መኪናና ፋብሪካ ወዳለበት ዓለም ይወጣል። በዚያ ዓለም ጎርመንጋስት የሚባል ቦታ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ ሰዎችም እብድ ነህ ይሉታል። እሱም በመጨረሻ የተወለደበት ቤት በእውነት ኖሮ እንደ ሆነ ራሱን ይጠራጠራል። የትዝታው ዓለም ከእጁ እያመለጠ የሄደ ደራሲ፥ ትዝታውን የሚያምንለት ያጣ ልጅን ታሪክ ጻፈ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ታይተስ ወደ ግንቡ ቀርቦ መኖሩን በምልክት ያረጋግጣል፤ ነገር ግን ሳይገባ ይመለሳል። ቤቱ በልቡ ውስጥ ስለ ተገኘ ነው።

የሜቭ ሥራ

ፒክ ከዚያ በኋላ ወደ 10 ዓመት ያህል በሕመም ኖረ። መናገርና መሥራት እየተሳነው ሲሄድ ሸክሙን የተሸከመችው ሜቭ ናት። እሷ ራሷ ሠዓሊ ስትሆን፥ ሦስት ልጆች እያሳደገች፥ የባሏን ረቂቆችና ሥዕሎች እየሰበሰበች፥ ወደ አሳታሚዎች እየጻፈች ቤቱን አቆመች። በ1962 የታተመውን የግጥም መጽሐፉን ፒክ በታላቅ ችግር በሥዕል ባስጌጠ ጊዜም ከጐኑ አልተለየችም።

መርቪን ፒክ ኅዳር 17 ቀን 1968 በ57 ዓመቱ በኦክስፎርድ ግዛት በቡርኮት መንደር፥ የሚስቱ ወንድም ያስተዳድረው በነበረ የሕሙማን ቤት አረፈ። የተቀበረው በሳሴክስ ግዛት በበርፓም ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ በዚያው ወራት ፔንጉዊን የተባለው አሳታሚ ሦስቱን መጻሕፍት በርካሽ ዋጋ ማውጣት መጀመሩ ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ወጣት አንባቢ ጎርመንጋስትን አወቀ። ደራሲው የደከመበትን እርሻ አረሰ፥ ዘራ፥ አረመ፤ አዝመራውን ግን አላየም።

ሜቭ በ1970 የሁለቱን ኑሮ የሚተርክ ማስታወሻ አሳተመች። በዚያው ዓመት ላንግደን ጆንስ የተባለ ጸሐፊ የ«ታይተስ አሎን»ን ረቂቅ እንደገና መርምሮ፥ በመጀመሪያው እትም የተቈረጠውን በመመለስ የታረመ እትም አዘጋጀ። ባሏ ከጀመራት ጥቂት መስመር ተነሥታም ራሷ አራተኛ መጽሐፍ ጽፋ ነበር። እሷ በ1983 ከሞተች በኋላ ጽሑፉ በቤተሰቡ ዕቃ መካከል ተገኝቶ፥ ፒክ በተወለደ በ100ኛው ዓመት በ2011 «ታይተስ አዌክስ» በሚል ስም ታተመ። በ2000 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ የጎርመንጋስትን ታሪክ በ4 ክፍል አሳየ፤ በ2010 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የፒክን ደብተሮች ገዝቶ አስቀመጠ። በወታደር ሠፈር ተጽፈው በፖስታ ለሚስቱ ይላኩ የነበሩት ደብተሮች ዛሬ በክብር የሚጠበቁ ቅርሶች ሆነዋል።

ከታሪኩ የምናገኘው

ጎርመንጋስትን ያነበበ ሰው ሁለት የተሳሳቱ ትርጕሞችን ሊይዝ ይችላል። አንደኛው፥ ሥርዓት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ነው። ይህ የስቲርፓይክ ሐሳብ ሲሆን መጨረሻው እሳትና ረኀብ መሆኑን ደራሲው አሳይቷል። ሁለተኛው፥ አሮጌ ነገር ሁሉ ሳይነካ ይኑር የሚል ነው። ይህ የባርኰንቲን ሐሳብ ነው፤ ፍሬውም የተቃጠሉት የድኾች ምስሎች ናቸው። ታይተስ ሦስተኛውን መንገድ ሞከረ። እኅቱ ፊዩሺያ የሞተችበት ታላቅ ጎርፍ ግንቡን በከበበው ጊዜ፥ ስቲርፓይክን ፊት ለፊት ገጥሞ ገደለው፤ ቤቱን ካዳነ በኋላም ሥርዓቱን ሊቀበል አልወደደም፥ ሄደ። ይህ መሄዱ ክህደት ነው ወይስ ነጻነት? ፒክ ፍርዱን ለአንባቢ ትቶታል።

ሥርዓት የሚለው ቃል በአማርኛ ሰፊ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንም፥ የቤተ መንግሥትም፥ የማዕድም፥ የመሥሪያ ቤትም ሥርዓት አለ። ሥርዓት የሌለው ቤት እንደማይቆም ሁላችን እናውቃለን። የፒክ ታሪክ የሚጨምርልን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ የምፈጽመው ነገር ለማን ይጠቅማል? ጥያቄውን ያቆመ ሰው ቀስ በቀስ ጎብኚ በሌለበት አዳራሽ አቧራ ጠራጊ ይሆናል። ጥያቄውን በብልጠት ብቻ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ቤቱን ያቃጥላል። በፍቅር የሚጠይቅ ሰው ግን፥ ባሏ ብዕር መያዝ ሲሳነው ብዕሩን እንዳነሣችው እንደ ሜቭ፥ ሊጠፋ የነበረውን ያድናል።